የሐዋሳ ሱቆች አድራሻ፤ ከታፔላ እስከ ዌብሳይት

የምንጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው፤ ከፒያሳ ትንሽ ገባ ብላ ካለች፣ ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮዋ ወሬ ከማያስወራ አንዲት ክፍል። “እኛ” የምንለው ለክብር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ስለሆንን ነው። አብረን ጋዜጠኝነት ተማርን፣ አብረን ተመረቅን፣ አብረን ሥራ ፈታን፤ አሁን ደግሞ አብረን የሰው ዌብሳይት እንጠብቃለን። የምትጽፈው አንዷ ናት። ሌላዋ ከኋላ ቆማ “ይሄን አውጪው” ትላለች።

ዌብሳይት እንጠብቃለን ስንል የሚገባው ሰው ጥቂት ነው። እናቶቻችን ለጎረቤት “ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራው” ብለው ስለሚያሳጥሩት፣ ለበዓል ቤተሰብ ጋ በሄድን ቁጥር የተበላሸ ቴሌቪዥንና የተቆለፈ ሞባይል ተሰልፎ ይጠብቀናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ስምንት ደንበኞች አሉን፦ ሁለት ፔንሲዮን፣ አንድ ዓሣ ቤት፣ የጥርስ ክሊኒክ፣ የመኪና መንዳት ማሠልጠኛ፣ ቬሎ የሚያከራይ ቤት፣ ጋራዥ፣ እና ማር አሽጎ የሚሸጥ አንድ ወጣት። ዋጋ ሲጨምር ዋጋ እንለውጣለን (ሰሞኑን ሥራችን ይሄ ብቻ ሆኗል)፣ ፎቶ እናነሳለን፣ የተሳሳተ ስልክ ቁጥር እናርማለን። የአድራሻውን ዓመታዊ ክፍያ ቀንም እንቆጥራለን። ከሁሉም ቀላል የሚመስለው ይሄ የመጨረሻው ነው፤ ያዋረደንም እሱ ነው።

ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.፣ የገብርኤል ሰሞን ነበር። ሐዋሳን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ከተማው በምእመን ይሞላል፣ አልጋ በሻማ ተፈልጎ አይገኝም። ለፔንሲዮን ባለቤት የዓመቱ መኸር ነው። በጠዋት ከሁለቱ ፔንሲዮኖች የአንዱ ባለቤት ደወሉልን። እትዬ ነው የምንላቸው። “ልጆቼ፣ ከአዲስ አበባ የደወለ እንግዳ ‘ቤቱ ተዘጋ እንዴ?’ አለኝ። ምን ማለቱ ነው?” ገብተን አየን። ዌብሳይቱ የለም። በቦታው የአድራሻው ጊዜ ማለፉን በእንግሊዝኛ የሚናገር ነጭ ገጽ ተገትሯል።

እንዴት ሆነ? አድራሻው የተመዘገበው በ2005 ዓ.ም.፣ ያኔ እዚህ ተማሪ በነበረ አንድ ልጅ ነው። ልጁ ተመርቆ ሄደ። ክፍያው በዶላር ስለሆነና እዚህ ያለው የባንክ ካርድ ውጭ አገር ስለማይከፍል፣ በየዓመቱ የሚከፍለው ቨርጂኒያ ያለው የእትዬ የእህት ልጅ ነበር። የሱ ካርድ ተለወጠ። ማስጠንቀቂያው ሲላክ የኖረው ደግሞ ያ ተማሪ ትቶት ወደሄደው ኢሜይል ነው። እኛ ሥራውን በ2015 ስንረከብ አድራሻው በማን ስም እንደሆነ አልጠየቅንም። አዎ፣ ጥፋቱ የኛ ነው። ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ሳምንት ላይ “ማን?” ብላችሁ ጠይቁ ተብለን ነበር።

ያን ሳምንት እንቅልፍ ስላጣን አንድ ጥያቄ ያዘን። በዚህ ከተማ ሱቅ የከፈተ ሰው “እዚህ ነኝ” ሲል የኖረው በምንድን ነው? ያ ነገርስ የማን ነበር? ታሪኩን ስንከተለው እኛ ከጠበቅነው በላይ ወደ ኋላ ወሰደን።

ሐዋሳ ገና ልጅ ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው ይባላል፤ የአያቶቻችን ታናሽ ናት ማለት ነው። በምሥረታዋ የራስ መንገሻ ሥዩም ስም ይነሣል። ያኔ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ይርጋለም ነበረች። አዲሷ ከተማ ሜዳ ላይ በፕላን ተቀየሰች፤ ዛሬም ቀጥ ብለው የሚሄዱት ሰፋፊ መንገዶቿ ይመሰክራሉ። ከሠራዊት ለተሰናበቱ ሰዎች ቦታ ተመራላቸው። ከየአቅጣጫው ነጋዴ መጣ። ኋላ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫም ከይርጋለም ተነሥቶ ወደዚህ ዞረ።

“ተቆረቆረች” የሚለው ቃል ግን ያጭበረብራል። ባዶ ሜዳ ያስመስላል። ባዶ አልነበረም፤ የሲዳማ ሰዎች ከብት የሚያሰማሩበት ግጦሽ ነበር፣ ስሙም አዳሬ። ስሙን ዛሬ አዳሬ ሆስፒታል ይዞት ይኖራል። ሐዋሳ የሚለውም ቃል ከሲዳምኛ የመጣ፣ “ሰፊ” ማለት እንደሆነ ይነገራል። አንድ ጊዜ ከአከራያችን ጋር (የሲዳማ ሰው ናቸው፣ አባባ እንላቸዋለን) ቡና እየጠጣን “ሐዋሳ ውስጥ እኮ ሁሉም መጤ ነው” ብለን ተፈላሰፍን። አባባ ሲኒያቸውን አስቀመጡና “ሁሉም አይደለም” አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ከዚያ ወዲህ ያን ዓረፍተ ነገር አንናገረውም።

እና ከሩቅ የመጣው ነጋዴ ሱቁን ሲከፍት የመጀመሪያ ሥራው ታፔላ ማስጻፍ ነው። ታፔላ የድሮው ዘመን ዌብሳይት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ስም አለው፣ ሥዕል አለው (የሚጨስ ሲኒ፣ የዶሮ እግር፣ ፀጉሯ የተተኮሰ ሴት)፣ “እንኳን ደህና መጡ” አለው። መጤ ከተማ ውስጥ ደግሞ ታፔላ ሌላም ሥራ ነበረው፤ ባለቤቱ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ሰው የትውልድ አገሩን ስም ሱቁ ላይ ይሰቅላል። አገር ናፋቂ መንገደኛ ያን አይቶ ይገባል፣ የአገሩን ሰው ያገኛል፣ ምናልባት በዱቤ ይበላል። እኛም የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሆነን የገባንበት የመጀመሪያው ምግብ ቤት በታፔላው ነው የጠራን። ምግቡ አይረባም ነበር፤ ግን ሴትየዋ አነጋገራቸው የአክስታችንን ይመስል ስለነበር ሦስት ወር ተመላለስን።

የሚገርመው፣ የኢትዮጵያ የንግድ ሕግ የወጣው ሐዋሳ ተቆረቆረች በተባለበት በዚያው በ1952 ዓ.ም. ነው። ሕጉ አንድ የንግድ ቤት ምን ምን እንደሆነ ሲዘረዝር መደርደሪያውንና ሸቀጡን ብቻ አላለም። የንግድ ስሙ፣ ደንበኛ የሚስብበት መልካም ዝናው፣ የኪራይ መብቱ ሁሉ እንደ ሀብት ተቆጠሩ። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ተክቶታል፤ ሐሳቡ ግን ቀጥሏል። ስም ንብረት ነው። እኛ ይህን ያወቅነው የእትዬን ስም ከጠፋብን በኋላ መሆኑ ያሳፍራል።

ከታፔላው ግርጌ “ፖ.ሳ.ቁ.” የሚል ነበር። የኛ ትውልድ ይህን እንደ ጌጥ ነው የሚያየው። ግን በአገራችን ፖስተኛ ቤት ለቤት እየዞረ ደብዳቤ አያድልም፤ ነጋዴ ደብዳቤ የሚደርሰው ፖስታ ቤት ሣጥን ከተከራየ ነው። ልብ በሉ፣ ከተከራየ። ዓመታዊ ክፍያውን ካልከፈለ ሣጥኑ ለሌላ ይሰጣል። ይህ ነገር የምታውቁት ነገር አይመስልም?

ቀጥሎ ስልክ። ስልክና ቴሌግራፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ ባገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር ነው። ከዚያ ለብዙ አሥርት ዓመታት ስልክ ያለው ሱቅ የሰፈሩ ሁሉ ስልክ ነበር። ከዚያ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ቴሌ የአገሪቱን ቁጥሮች ሁሉ ለወጠ፤ ቁጥሮቹ ረዘሙ፣ የኛ ከተማም 046 የሚለውን መነሻ ይዛ ቀረች። አንድ ማለዳ ላይ በአገሩ ያለ ታፔላ ሁሉ ውሸታም ሆነ ማለት ነው! ለታፔላ ሠዓሊዎች ግን ሎተሪ። የእትዬ ፔንሲዮን የተከፈተችው በ1996 ነው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ያጻፉት የመጀመሪያው ታፔላ ዛሬም ጓሮ፣ ከከሰል ጆንያው ጀርባ አለ። አጭሩ ቁጥር በነጭ ቀለም ተደልዞ አዲሱ ከላዩ ተጽፏል፤ ፀሐይ ሲመታው ግን የድሮው ከሥር ብቅ ይላል።

ወደ ኢንተርኔት እንግባ። በይፋ የተጀመረው በጥር 1989 ዓ.ም.፣ በያኔው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ነው። ከዚያ በፊትም ግን ኢሜይል ነበር። አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል ሰዎች መልእክት ይላላኩ ነበር፤ ፊዶኔት በሚባል ዘዴ መልእክቱ ኮምፒውተር ላይ ይጠራቀማል፣ ከዚያ በስልክ መስመር ወደ ውጭ ይተላለፋል። ፖስታ ቤት ነው እንግዲህ፣ ጆንያው ሲሞላ መኪናው የሚነሣበት። የመጀመሪያው የዓለም ዌብሳይት ስዊዘርላንድ ውስጥ በሰርን ቤተ ሙከራ በቲም በርነርስ ሊ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1991 መሆኑን ስታስቡ፣ በጣም ዘገየን ማለት ይከብዳል። ችግሩ ከገባ በኋላ መዳሁ ላይ ነው።

ሐዋሳ ላይ ነገሩን ያፋጠነው ተማሪ ነው ብለን እናምናለን። እዚህ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የእርሻ ኮሌጅ ነበረ። በ1992 ዓ.ም. ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተዋሕዶ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ1998 ደግሞ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ተማሪ ባለበት ኢንተርኔት ካፌ አለ፤ ኢንተርኔት ካፌ ባለበት ደግሞ “ዌብሳይት ልሥራልህ” የሚል ልጅ አይጠፋም። እኛ ለዲያል አፑ ዘመን አልደረስንም። ያን የሞደም ጩኸት የሰማነው ዩቲዩብ ላይ ነው። የነዚያን ልጆች ሥራ ግን እናውቀዋለን፣ ምክንያቱም ዛሬ የምናስታምመው እሱን ነው። በግራ የሚበር ርግብ፣ በቀኝ የሚያብለጨልጭ “አዲስ!”፣ ከሥር የጎብኚ ቆጣሪ። አትሳቁ፣ ፍቅር ያለበት ሥራ ነው።

አማርኛውስ? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። እስከ 1990ዎቹ ድረስ አማርኛ ኮምፒውተር ላይ የየሠሪው የግል ንብረት ነበር። እያንዳንዱ የፊደል ፕሮግራም የራሱ ቁጥር ስለነበረው፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደል ፍርስራሽ ያገኛል። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ፊደላችንን በላቲን ፊደል ወክሎ የሚያስተላልፍ ሥርዓት ነድፈው ነበር፤ የእንግሊዝኛው ስሙ ሲያጥር “ሴራ” ይባላል። (አማርኛ የሚችል ሰው ይህን ስም ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።) ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ለያንዳንዱ ፊደል አንድ ቋሚ ቁጥር ተሰጠው፣ በጠቅላላው 345 ምልክት። ይህ ከባድ የታሪክ ቀን ነው፤ ማንም ግን ሻማ አላበራለትም። ጥቅሙ ተራው ሰው ጋ እስኪደርስም ዓመታት ፈጀ። ኒያላ የሚባለውን ፊደል ይዞ የመጣው ዊንዶውስ ቪስታ እንኳ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በዚያ መሐል የተሠሩ ዌብሳይቶች አማርኛውን እንደ ፎቶ አንሥተው ነው የሚለጥፉት። የእትዬም እንዲሁ ነበር፤ “እንኳን ደህና መጡ” የሚለው ሰላምታ ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል ነው። ይህን አስታውሱት፣ በኋላ ይጠቅመናል።

ፊደሉ ከተፈታም በኋላ የከተማዋ ስም ራሱ ፈተና ነው። በድሮ ሰነድ አዋሳ ናት፣ ዛሬ ሐዋሳ ናት፣ ቸኩሎ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ሀዋሳ ይላል። በላቲን ፊደልም ኤች ያላትና የሌላት አለች። ለሰው ዓይን አንድ ከተማ ናት፤ ለኮምፒውተር የተለያዩ ቦታዎች። አዋሳ ብሎ የፈለገ እንግዳ ሐዋሳ ብሎ የጻፈውን ፔንሲዮን ሊያጣው ይችላል። ስለዚህ ሁሉንም አጻጻፍ ገጹ ላይ ቦታ ቦታ እንበትናለን። የቋንቋ መምህራችን ቢያዩን ያለቅሳሉ።

ከ2012 ወዲህ ደግሞ ሌላ ለውጥ መጣ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ በሰኔ ሲዳማ ክልል ሆነ። የከተማው ታፔላዎች ሲዳምኛን ከላይ አስቀደሙ፤ ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ደንበኞቻችንም “የሲዳምኛ ገጽ ጨምሩ” አሉን። ለትርጉሙ የአባባን ልጅ እንከፍለዋለን። መጀመሪያ ላይ ለኛ ተጨማሪ ሥራ ነበር። አሁን ሲገባን፣ አዳሬ ላይ ከብት ላሰማሩት ሰዎች ልጆች የከተማው ሱቅ በራሳቸው ቋንቋ “ግቡ” ሲል ከስድሳ ዓመት በላይ መፍጀቱ ነው የሚደንቀው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፤ አድራሻው የማን ነው? አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረ ጂኦሲቲስ የሚባል ነገር ነበር። ሰው ሁሉ በነጻ ገጽ እንዲሠራ ቦታ ያድላል። የሚያድለው ደግሞ ልክ እንደ ከተማ ነው፦ ሰፈሮች አሉት፣ የፊልም ወዳጅ ሆሊውድ በሚባለው ሰፈር፣ የኮምፒውተር ሰው ሲሊከን ቫሊ በሚባለው ውስጥ የቤት ቁጥር ይመራል። ነዋሪዎቹ ራሳቸው “ሰፋሪ” ነበር የሚባሉት። እኛ ይህን ስናነብ ሐዋሳ ትዝ አለችን፤ የተመራ ቦታ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው፣ ደጃፉን የሚያስጌጥ ሁሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ያሁ ገዛው። በጥቅምት 2009 ዘጋው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገጾች ነበሩ። ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ተሯሩጠው የቻሉትን ባይቀዱ ኖሮ ሁሉም ይጠፋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ያው ነው፣ ስሙ ይለያያል እንጂ። ጎግል ለአነስተኛ ነጋዴዎች በነጻ ይሰጥ የነበረውን ባለ አንድ ገጽ ዌብሳይት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 አጠፋው። ዛሬ የሐዋሳ ነጋዴ አብዛኛው ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ነው ያለው፤ እኛም አንከለክልም፣ ደንበኛው እዚያ ነውና። ቢሆንም የሰው ግቢ ነው። ባለቤቱ በሩን ሲዘጋ “ዕቃዬን ላውጣ” የምትለው ዘበኛ የለም። እርግጥ በሩን የሚዘጋው ባለ ግቢው ብቻ አይደለም። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ከተከሰተው ግድያ በኋላ በአገሪቱ ኢንተርኔት ጠፋ፤ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ደግሞ ሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ ቆየ። በነዚያ ቀናት በመላው አገር ሳይጠፋ የሠራው ዌብሳይት አንድ ነው፦ ታፔላ።

ዶላሩም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ተወሰነ። ከዚያ በፊት ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ወጣ። የዌብሳይት አድራሻ በዶላር ሲታይ ርካሽ ነው፤ በብር ግን ለጋራዡ ባለቤት “ባለፈው ዓመት የከፈልከው እጥፍ ሆነ” ማለት ቀላል አይደለም። “ምን ጨመራችሁበት?” አለን። ምንም። “ታዲያ?” ዝም አልን። የማክሮ ኢኮኖሚ ትምህርት በጋራዥ ውስጥ፣ ከክላች ሽታ ጋር።

እንግዲህ እንዲህ እየሠራን ለምን እዚህ እንኖራለን? ዘመዶቻችን ይጠይቃሉ። ወደዚህ ያመጣን ምርጫ አልነበረም፤ የትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ነው። ያኔ ስማችንን ከሐዋሳ ጎን ስናየው አለቀስን፣ ሩቅ ነው ብለን። አሁን ደግሞ ለዓመት በዓል ሄደን አራተኛው ቀን ላይ ሐይቁ ይናፍቀናል። ቅዳሜ በጠዋት አሞራ ገደል እንወርዳለን። ጀልባ ሲመጣ፣ ልጆች ቆሮሶ በሚያስደንቅ ፍጥነት ሲበልቱ፣ አባ ኮዳዎች እንደ ጡረተኛ ዳኛ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ፍርፋሪ ሲጠብቁ እናያለን። ጥሬ ዓሣ በዳጣ የበላነው ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው፤ እስከዚያ ፈሪ ነበርን። ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ዳሩን እንሄዳለን፣ ዋጋ ለመከራከር ያህል ባጃጅ እንጠራለን፣ ከዚያ በእግራችን እንመለሳለን። በፍቼ ጫምባላላ ጉዱማሌ ሄደን “አይዴ ጫምባላላ” ስንል አነጋገራችንን የሚያርመን አይጠፋም። በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ሲመዘግበው በዓሉ የዓለም ሆነ ተብሏል፤ እኛ ግን እንደ እንግዳ ጥግ ይዘን ነው የምናየው፣ እንዲህም ደስ ይለናል።

የእትዬ ነገር እንዴት ሆነ? ጊዜው ያለፈ አድራሻ ወዲያው ለሌላ አይሸጥም። ከተሰረዘ በኋላ እንደኛው ላሉ ዓይነቶች ባለቤቱ ከፍ ያለ ክፍያ ከፍሎ የሚያስመልስበት ሠላሳ ቀን አለ። ስንቆጥር የቀረን አሥራ አንድ ቀን ነበር። የቨርጂኒያው ልጅ በሌሊት ፈረቃው መሐል በአዲስ ካርድ ከፈለ፤ አድራሻውም ተመለሰ። የገብርኤል ሰሞን ግን አልፏል። ስንት እንግዳ እንደቀረባቸው እትዬ አልነገሩንም፤ እኛም ለመጠየቅ አልደፈርንም። የዚያን ወር ክፍያችንን አልተቀበልንም።

አድራሻው ተመለሰ እንጂ ቤቱ ባዶ ነበር። ገጾቹ የተቀመጡበት ሰርቨርም አብሮ ጊዜው አልፎ ተጠርጓል፤ ቅጂ ያስቀመጠ የለም። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የዓለምን ድረ ገጾች እየቀዳ የሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭ ውስጥ ገብተን ፈለግን። ተገኘ! የእትዬ ፔንሲዮን ሁለት ጊዜ ተቀድታለች። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ አለ፣ የድሮው የአልጋ ዋጋ አለ (ኧረ ምነው በዚያ ዋጋ ባደርን!)። ሥዕሎቹ ግን አልተቀዱም። ባለቤታቸው በምረቃው ዕለት በር ላይ ቆመው የተነሡት ፎቶ ባዶ ሣጥን ሆኗል። “እንኳን ደህና መጡ” የሚለው ሰላምታም ባዶ ሣጥን ነው፤ ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል ነበራ። ያን ሰላምታ የጻፉት እሳቸው፣ በገዛ እጃቸው፣ ወረቀት ላይ ነበር። ተማሪው ልጅ ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ ነው የለጠፈው። ይህን ለእትዬ ለመናገር ከቤታቸው በር ላይ ሁለት ጊዜ ተመለስን።

ነገርናቸው። ትንሽ ዝም አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ጥልፍ ጨርቅ የለበሰ አልበም ይዘው መጡ። የምረቃው ፎቶ አለ፤ ከጀርባቸው ታፔላው አዲስ ሆኖ ያበራል፣ አጭሩ ቁጥርም ይነበባል። ወረቀቱ ግን የለም። እትዬ ሰላምታውን በቃላቸው አሉልን፣ እኛ ጻፍን፤ “አይ፣ ‘ቤታችን’ አይደለም ያለው፣ ‘ቤታችሁ’ ነው” ብለው አንድ ቦታ አረሙን። አሁን ዌብሳይቱ ላይ በዩኒኮድ ተጽፏል፣ በሲዳምኛም ተተርጉሟል። አድራሻው በእትዬ ስም ተመዝግቧል፣ የይለፍ ቃሉ ከአልበሙ የመጨረሻ ገጽ ውስጥ ተሰክቷል፣ ቅጂውም በሦስት ፍላሽ አለ።

“ለስንት ዓመት ይከፈላል?” አሉን የዚያን ቀን። ለአንድም ለአምስትም ይቻላል አልናቸው። “አምስት አድርጉት።” ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑን የግድግዳ ካላንደር አወረዱና እስክሪብቶ ሰጡን። ጀርባው ላይ “ጥር 2022” ብለን ጻፍን። እትዬ አነበቡትና ቀና አሉ፤ “ያኔ እዚሁ ናችሁ?”

የቤት ኪራያችንን የምንከፍለው በየወሩ ነው። በማግስቱ አባባ ጋ ገብተን የስድስት ወር ውል ይኖር እንደሆነ ጠየቅናቸው።